ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው ነበር

ዌንደል ስትራውድን ውሸታም ያሰኘችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እሷንም ያሳመርኳት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ እንዳልሸሽገው ብዬ ነው። አንዴ ሸሽጌው አይቻለሁ፤ መሸሸግ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ቨርና ቲፕት እባላለሁ። በሃርሞን ከተማ ፖሊስ መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አምስት አዛዦች መጥተው አምስቱም ሄደዋል፤ እኔና ማኅተሜ ግን አለን። ፖሊሱ ሁሉ ሪፖርቱን ጽፎ ለእኔ ያስረክባል፤ አነባለሁ፣ የጎደለውን አስሞላለሁ፣ "ደርሶናል" የሚለውን ማኅተም እመታለሁ። አገራችን ስንዴና ነፋስ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ጠጥቶ የሚነዳ አይጠፋም፤ ከመዝገቦቼ ግማሹ የሱ ነው።

ዌንደል የመጣው በሃያ አራት ዓመቱ ነው። የትራክተር ጠጋኝ ልጅ፣ ረጅም፣ አንገቱ በኮሌታው ውስጥ የሚዋኝ፣ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ። ሰው እጅ ላይ ካቴና ሲያስገባ እንኳ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ጠበቀብዎት እንዴ?" የሚል ዓይነት ነው። ጓደኞቹ በዚህ ይስቁበት ነበር። ጽሑፍ ግን አልሆነለትም። የመጀመሪያ ሪፖርቱን ሲያመጣልኝ እንዲህ ትል ነበር፦ "ሰውዬው ሰክሮ ነበር። ያስታውቃል። አሰርኩት።"

"አንተ፣ ይህን ይዘህ ችሎት ብትቆም እኮ ጠበቃው መሳቂያ ያደርግሃል" አልኩት።

"ታዲያ ምን ልበል ቨርና? ሰክሮ ነበር እኮ!"

ከመሳቢያዬ እናት ወረቀቷን አውጥቼ ሰጠሁት። እናት ወረቀት የምንላት በደንብ የተጻፈች አንዲት የድሮ ሪፖርት ናት፤ ስሙን፣ ቀኑንና የመኪናውን ታርጋ ቀይሮ ሌላውን እንዳለ መገልበጥ ነው። አዲስ የገባ ፖሊስ ሁሉ ከእኔ እጅ ይቀበላታል። አዛዦቹም ያውቃሉ፣ ዐቃቤ ሕጎቹም ያውቃሉ፤ ክስ ስለምታስረታ ማንም ምን አገባኝ ብሎ አያውቅም። "ከአፉ የመጠጥ ሽታ ይወጣ ነበር፣ አንደበቱ ይጎተት ነበር፣ ዓይኖቹ ቀልተው እንባ አቅርረው ነበር" ትላለች። ዌንደል ከመምጣቱ በፊት አንድ ቀን ስገለብጣት "ዓይኖቹ" የሚለው ብቻውን ሳሳብኝ። ከፊቱ "ሁለቱም" ብዬ ጨመርኩበት። ሲነበብ አማረ፤ ቀርቦ ያየ ሰው የጻፈው መሰለ። ደስ አለኝና ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ዌንደል ያቺን ዓረፍተ ነገር ወረሰ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጻፋት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ችሎት ቆሞ እጁን አንሥቶ ማለባት።

ከዚያ ኦቲስ ብራንት መጣ። የእህል ጎተራው ሠራተኛ ነው፤ ከሌላ አገር ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ዌንደል አንድ ቅዳሜ መኪናውን መንገድ ላይ ሲያወላግድ ያዘው፤ እሱም ትንፋሹን አላስለካም ብሎ ድርቅ አለ። ነገሩ ችሎት ደረሰ። ዋናውን መዝገብ ይዤ ስለነበር እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የኦቲስ ጠበቃ ድምፁ የለሰለሰ፣ ከሲታ ሰው ነው። ሪፖርቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ተነሣ።

"መኮንን ስትራውድ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው ነበር?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"በዓይንዎ አይተዋል?"

"በባትሪ አብርቼ አይቻለሁ።"

"ከሁለቱ የትኛው ይብስ ነበር?"

ዌንደል ትንሽ አሰበ። "እኩል ናቸው" አለ።

ጠበቃው ወደ ኦቲስ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ኦቲስ መሐረቡን አወጣ፣ አቀረቀረ፣ ቀና ሲል ግራ ዓይኑ መሐረቡ ላይ ነበረች። ለካ ሰው ሠራሽ ናት፤ ዱሮ የአጥር ሽቦ ተስፈንጥሮ አጥፍቶበት ኖሯል። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ቀይ ክር የሌለባት ዓይን። ሊፈርዱ ከተቀመጡት ስድስት ጁሪዎች አንዷ ሴት "ውይ!" አለች፤ ቀጥሎ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ዳኛው ሳይቀር አፉን ያዘ። ዌንደል አልሳቀም። ዓይኗን ያያታል፤ እሷም ታየዋለች።

ኦቲስን በነፃ ለቀቁት። ጥንብዝ ብሎ ሰክሮ እንደነበር በኋላ ራሱ ለከተማው ሁሉ እየሳቀ አውርቷል፤ ይኸ ግን ለዌንደል ምንም አልፈየደለትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። የቢሮውን ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝ። ከዐቃቤ ሕጉ ለአዛዡ የተጻፈ ነው፤ መኮንን ስትራውድ በመሐላ ያልሆነ ነገር ስለመሰከረ ቃላቸው በማይታመን መኮንኖች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ለምስክርነት አይጠራም፣ ስሙም ለአውራጃው ጠበቆች ሁሉ ይነገራል ይላል። ለዌንደል ግልባጭ እንኳ የለውም። የጠየቀው ሰው የለም፣ "ምን ሆነህ ነው?" ያለው የለም። ተናደድኩ። ዶሮ የሰረቀ እንኳ በአገራችን ዳኛ ይሰየምለታል፣ ጠበቃ ይቆምለታል፣ ቃልህ ምንድን ነው ይባላል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፖሊስ ግን በአንድ ገጽ ደብዳቤ አለቀለት። ማኅተሜን መትቼ ራሴ ወሰድኩለት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። "ቨርና፣ እዚህ ላይ ውሸታም ነው የሚሉኝ?"

"እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"አውቃለሁ" አልኩት። ስለ እናት ወረቀቷ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

አዛዡ ጠርቶ "ምስክር መሆን የማይችል ፖሊስ ምን ያደርግልኛል? እስከ ገና ሌላ ሥራ ፈልግ" አለው። እስከዚያው ምድር ቤት አወረደው፤ በወንጀል የተያዙ ብስክሌቶችና ጠመንጃዎች ካርድ እየታሰረላቸው የሚከማቹበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው።

ከተማው ደግሞ አልማረውም። ቁርስ ቤት ሲገባ ገበሬዎቹ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይጠብቁታል።

"ዌንደል! ዛሬ ስንት ዓይን አለኝ?"

"ምን ትጠይቀዋለህ፣ እኩል ናቸው ይልሃል!"

በመጀመሪያው ሳምንት አብሯቸው ሳቀ። በሁለተኛው ቡናውን ገዝቶ መኪናው ውስጥ መጠጣት ጀመረ። በሦስተኛው መዘምራኑን ተወ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉናል፤ የሱ ስም ግን እሱ በቁሙ እያለ ተቀብሮ ነበር። የሚያንገበግበው ስድቡም፣ ሥራውን ማጣቱም አልነበረም። "ለምን አንድ ሰው አይጠይቀኝም?" ይለኛል፣ በመጣ ቁጥር። "ይፍረዱብኝ፣ ግን መጀመሪያ ይጠይቁኝ!"

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከምድር ቤት ወጥቶ መዝገብ ቤቴ በር ላይ ቆመ። "የኔን ሪፖርቶች ልያቸው" አለኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። በየቀኑ እየመጣ ሳንድዊቹን ጥጉ ላይ ተቀምጦ እየገመጠ ያነባል። መጀመሪያ ላይ ንጹሕነቱን ሊያረጋግጥበት ነበር የመጣው መሰለኝ። እየዋለ እያደረ ግን ሳንድዊቹ ሳይነካ ይቀር ጀመር። ገጽ ይገልጣል፣ ያቺው ዓረፍተ ነገር። ሌላ ይገልጣል፣ ያቺው። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ሁለቱም ዓይኖቹ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ።

የኢርማ ፔልኪ መዝገብ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ኢርማን አውቃታለሁ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር፣ የእህቴን ልጅ ስድስት ዓመት አመላልሳታለች። ዌንደል ያስቆማት በገዛ መኪናዋ ከገበያ ስትመለስ፣ በረዶ ላይ ተንሸራትታ ከመንገድ ወደ ቦይ ዳር ስትወጣ ነው። የትንፋሽ መለኪያው በዚያ ወር ለጥገና ሄዶ ነበር። ስለዚህ የፈረደባት የሱ ቃል ብቻ ነው። "ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ የወሰድኩት መድኃኒት ነው" ብላለች፤ እንዳለችው ጽፎታል፣ አላስቀረም። ከሥሩ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር አለች። ተፈረደባት፣ አውቶቡሱን ቀሟት። እህቷ ጋ ዴልቢ ሄዳ ተጠጋች። ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል።

"ቨርና፣ ፊቷ አይመጣልኝም" አለ።

"ስንቱን ሰው ታስታውሳለህ?"

"አይደለም፣ ስሚኝ። መንገዱ ይታየኛል። በረዶው ይታየኛል። አውራ ጣቷ ላይ ጓንቷ ተቀዶ ነበር፣ እሱም ይታየኛል። ዓይኗ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግን ያለው ጽሑፉ ነው።"

ማኅተሜን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ዌንደል የሰው ዓይን ማየት ጀመረ። ዳቦ ሲገዛ የሻጯን ዓይን ያያል፤ ሴትዮዋ ትሸማቀቃለች። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ የሚወጡትን አንድ በአንድ ያያል። "የቀኝሽ ትንሽ ይቀላል" ይለኛል ድንገት፣ እኔ ፋይል ስፈልግ። ቀልድ አልነበረም። እኔም ብሶብኝ ነበር። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ፖም ስልጥ ያቺ ንጹሕ ነጭ ዓይን መሐረብ ላይ ትታየኛለች፤ የምታየው ዌንደልን ሳይሆን እኔን ነው። መሳቢያዬን ስከፍት እናት ወረቀቷ ከላይ አለች። ቀድጄ ልጥላት አስብና እጄ እምቢ ይለኛል። ፈራሁ፤ ለጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶኝ ነበር።

በኅዳር የፖሊሶች ማኅበር ጠበቃ ላከለት፤ ካልደር የምትባል፣ አነጋገሯ ፈጣን፣ ጫማዋ የሚያንቋቋ ሴት። ደብዳቤውን አንብባ ሳቀች።

"መቼ ነው የተጻፈው? ነሐሴ? አዲሱ ሕግ ከሐምሌ ጀምሮ ይሠራል። ስምህን ከማስገባታቸው በፊት በጽሑፍ ሊያሳውቁህ፣ መልስህን ሊቀበሉ፣ ብትፈልግ ሊሰሙህ ግዴታ አለባቸው። አንዱንም አላደረጉም። ቨርና መጥታ ደብዳቤው ለአንተ እንዳልተላከ ትመሰክራለች፤ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። አንተ አፍህን አትክፈት።"

"ሳልናገር?"

"ሳትናገር ነው የምታሸንፈው!"

ጉዳዩ የታየው ከእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ፎቅ ላይ ባለ የስብሰባ ክፍል ነው። የሰሙት ጡረታ የወጡ ዳኛ ሎፍተስ ናቸው፤ ሰማንያ የሚጠጉ፣ በሁለቱም ጆሮ መስሚያ ያደረጉ ሴት። ዐቃቤ ሕጉ ከካልደር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ካልደር ተናገረች፤ እኔ ተጠርቼ ደብዳቤውን ማን እንደተቀበለ፣ መቼ እንደታተመ መሰከርኩ። ዐቃቤ ሕጉ አልተከራከረም፤ ስሕተት መሆኑን አመነ።

ዳኛዋ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። "የመኮንኑ ስም ሳይነገረውና ሳይጠየቅ ስለገባ፣ ይውጣ። በዚህ ልናበቃ እንችላለን" አሉ። ከዚያ ወደ ዌንደል ዞሩ። "ነገር ግን ሕጉ መኮንኑ የመሰማት መብት አለው ይላል። እዚህ ድረስ መጥተዋል። የሚሉት አለ?"

"የለውም፣ ክብርት ዳኛ" አለች ካልደር።

"አለኝ" አለ ዌንደል።

ካልደር እጅጌውን ጎተተች። "አሸንፈናል እኮ! ቁጭ በል!" አለችው በሹክሹክታ።

ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ወንዝ ሲጎድል ተሻገር ይባላል። ዌንደል ዳኛ ሲፈልግ ሦስት ወር አልፎታል። ተነሣ።

"ኦቲስ መጠጥ መጠጥ ይሸት ነበር፤ አሽትቼዋለሁ። ሲንገዳገድ አይቻለሁ። ዓይኑን ግን አላየሁም። በባትሪ አየሁ ያልኩት ሁልጊዜ ስለማበራ ነው እንጂ ትዝ ብሎኝ አይደለም። ስጠየቅ የሚታየኝ ወረቀቱ ነው። ሳልጠየቅ ውሸታም ሲሉኝ አልዋሸሁም ብዬ ከመጮኽ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ የሚጮኽ ሰው ደግሞ ራሱን አይሰማም። ዛሬ እርስዎ ጠየቁኝ። አላየሁም።"

ዳኛዋ መስሚያቸውን ነካ አደረጉ። "የአቶ ብራንትን ብቻ?"

"የሌሎቹን አላውቅም፣ ክብርት ዳኛ። ያየኋቸው ይኖራሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን መለየት አልችልም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። አንዷ ሞታለች።"

ካልደር ዓይኗን ጨፈነች። ዐቃቤ ሕጉ መጻፍ አቆመ።

"ይህች ዓረፍተ ነገር ከየት መጣች?" አሉ ዳኛዋ።

ዌንደል ወደኔ አልዞረም። እንዳይዞር አንገቱን ሲያደነድን ከጎን አየሁት። "የፈረምኩባት እኔ ነኝ፤ የኔ ናት" አለ።

እኔም ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሌላውን ጉድለት ሳስሞላ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ምላሴ ታሰረ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ዌንደል አስቦ አልዋሸም፣ ስሙ ከዝርዝሩ ይውጣ፣ ወደ ሥራው ይመለስ ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ያን ሁሉ ከሰማ በኋላ ዝም ማለት አይችልምና ለሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ጉዳያችሁ እንደገና ይታያል ብሎ ጻፈ። ፖስታዎቹን ያሸግኩት እኔ ነኝ። ዌንደልም መኪናው ተመለሰለት። የመጀመሪያ ሪፖርቱ ደረሰኝ፤ አራት መስመር ነበረች። "ይሸት ነበር። መቆም አቃተው። መሽቶ ስለነበር ዓይኑን አላየሁም" ትላለች። ምንም ሳላስሞላ ማኅተም መታሁባት።

ቁርስ ቤት ግን ተመልሶ አልገባም።

በጥር አንዱ ፖስታ ተመለሰ። ኢርማ ፔልኪ፤ ተቀባይዋ በሕይወት የለችም የሚል ታትሞበታል። መሳቢያ ውስጥ ልከተው እችል ነበር። ሁለት ቀን አሳድሬው ሰጠሁት። ዌንደል ገልበጥ አድርጎ አየው።

"ቅዳሜ ዴልቢ እሄዳለሁ" አለ።

"እኔም እመጣለሁ።"

"አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እመጣለሁ አልኩህ እኮ።"

ዴልቢ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ነዳን። የኢርማ እህት ጁኒ ትባላለች፤ ሰባ አምስት ያለፋት፣ አጭር፣ ደልዳላ ሴት። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተችው። ዌንደል ባርኔጣውን አውልቆ ማንነቱን ተናገረ፣ ፖስታውን ዘረጋላት። ሰንሰለቱን አውልቃ ተቀበለችው፤ እዚያው ቆማ አነበበችው።

"ስለ አንተ ታወራ ነበር" አለችው። "'ትሑት ልጅ ነው፣ ጓንቴ መቀደዱን አይቶ ይበርድዎታል አለኝ' ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ 'ያ ትሑት ልጅ ለምን እንደዚያ ብሎ ጻፈብኝ?' እንዳለች ነው። እኔም አላመንኳትም፣ ታውቃለህ? ፖሊሱ አይቻለሁ ብሎ ሲምል እኔ ማን ነኝ? እዚህ ቤት አራት ዓመት ኖራ አንድ ቀን አምኜሻለሁ አላልኳትም።"

"ወይዘሮ ጁኒ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ይቅርታ የምጠየቀው እኔ አይደለሁም።" ደብዳቤውን አጣጠፈችው። "ያን ነገር ከራስህ አውጥተህ ነው የጻፍከው? ስለ ዓይኗ ያልከውን?"

ዌንደል አፉን ከፈተ። "የፈረምኩት..."

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው እዚያ መኖሬን ያወቀችው።

"አንቺ ማን ነሽ?"

"የመዝገብ ቤቷ። ኢርማን ሳላያት ነው የጻፍኩት። ማንንም ሳላይ። ቃሉ ስላማረኝ ነው።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዓይኗ ምን ዓይነት ነበር?" አለች።

ዌንደል መሬት መሬት አየ። እኔም ስድስት ዓመት የእህቴን ልጅ ያመላለሰችልኝን ሴት ዓይን ፈለግኩት፤ አጣሁት።

"ብዕር አለሽ?"

ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፖስታውን ገልብጣ በባዶው በኩል ሰጠችኝ።

"ግራጫ ነበሩ" አለች። "ጻፊ።"

ጻፍኩ።